ዳዊት ሲደገም የምትቆም መኪና

መኪና ያለው ሰው እግሩ አይደክምም የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች መኪና የላቸውም። እኔ ነበረችኝ፤ በዚህም ምክንያት ከደምበጫ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን ዳገት አንድ በአንድ በእግሬ አውቀዋለሁ። የትኛው ዳገት ላይ ለጎማ ማስደገፊያ የሚሆን ድንጋይ እንደሚገኝ፣ የትኛው ሥር ለራዲያተር የሚሆን ውሃ እንደሚቀዳ፣ የትኛው ላይ ደግሞ የሚገፋ ሰው ጠፍቶ ቁጭ ብሎ እንደሚዋል ከማንም ሲራራ ነጋዴ ይልቅ የምነግራችሁ እኔ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ከእነዚያ ቀኖች ሁሉ ስለ አንዱ ነው። ባስታወስሁት ቁጥር ወገቤን ያመኛል፤ ወገቤ የተጎዳው ሌላ ቀን ቢሆንም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። መጨረሻ መሆኑን ያን ጊዜ አናውቅም ነበር፤ እኛ መካከሉ መስሎን ነበር። እኔ ደምበጫ አስተማሪ ነበርሁ። የምን አስተማሪ እንደነበርሁ ባልናገር ደስ ባለኝ፤ ግን በኋላ መውጣቱ ስለማይቀር ልናዘዝ፦ የሳይንስ። ሙቀት እንዴት ጉልበት እንደሚሆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልሁ አስረዳ ነበር። ፒስተን እሥል ነበር። ተማሪዎቹ ሥዕሉን አይተው "ጋን ነው?" ይሉኛል፤ እኔም ጋን አለመሆኑን ከመማል በቀር የማስረዳበት መንገድ አልነበረኝም።

መኪናዋ ወፍጮ ቤት የነበረው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ወደ አገሩ ሲመለስ ለእኔ የለቀቃት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ደንቡማ አንቱ ልላት ይገባ ነበር። ሰውየው ባስረከበኝ ዕለት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በጣሊያንኛ ሲያስረዳኝ ዋለ። እኔ ጣሊያንኛ አልችልም፤ አልችልም ማለት ግን ነውር መሰለኝና "ሲ፣ ሲ" እያልሁ ራሴን ስነቀንቅ ዋልሁ። በተለይ ከመሪው ሥር ወደ ጎን ወጣ ያለች ስንዝር የምታህል ዘንግ ነበረች፤ እሷን ወደ ታች ሳብ፣ ወደ ላይ ለቀቅ እያደረገ ብዙ ተናገረ። በእጁ ዳገት ሣለ። በአፉ እንደ ሞተር አጓራ። በመጨረሻ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም መኪናዋን እየተሰናበታት ነው ብዬ ከልቤ አዘንሁለት።

ከሄደ በኋላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ዘንጓን ነካካኋት። ስስባት ትወርዳለች፣ ስለቃት ሞላ ስላላት ወደ ላይ ትመለሳለች፤ ሌላ የምትሠራው ነገር አልታየኝም። ስለዚህ ባርኔጣዬን ሰቀልሁባት። ለባርኔጣ ጥሩ ናት።

መኪናዋ ሜዳ ላይ ግድ የላትም። ስትነሣም አታስቸግርም፤ ማኖቬላውን፣ ያን ጠምዛዛ የማስነሻ ብረት፣ አፍንጫዋ ሥር ሰክቼ አንዴ ሁለቴ ሳዞረው እሺ ትላለች። ዳገት ስታይ ግን ልቧ ይሰበራል። ድምፅዋ ይወፍራል፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ በጭስ ማውጫዋ ትተኩሳለች፣ ውሃዋ ይንተከተካል። በተኩሱ ምክንያት የደምበጫ ገበያ ሁለት ጊዜ ተበትኗል። ፈረሰኞች ከሩቅ ሲያዩኝ ከመንገድ ወጥተው ልጓም ጨብጠው ይቆማሉ፤ ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ ካለፍሁ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ እትዬ አንጓች ልምጣ። እትዬ አንጓች ከደምበጫ አጠገብ የሚኖሩ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አባታቸው የዲማ ቄስ ስለነበሩ ዳዊት ተምረው አድገዋል፤ በአገራቸው ዳዊት የምትደግም ሴት ስትባል እሳቸው ናቸው። ባላቸው በሞቱ በዓመቱ የባላቸው ወንድም ባላምባራስ ይትባረክ ከወንዙ ዳር ያለውን እርሻ "የአባቴ ርስት ነው" ብለው አረሱት። ያ እርሻ የእትዬ አንጓች የዓመት እንጀራ ነው፤ ሌላው መሬታቸው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ አውራጃ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ እየተቀጠረ፣ እንደገና እየተቀጠረ ዓመታት ቆየ። እትዬ አንጓች በየቀጠሮው ከዋዜማው በበቅሎ ተነሥተው፣ መንገድ አድረው፣ አንድም ቀን ሳይቀሩ ቀርበዋል። ከሳሽ አንድ ቀን ከቀረ መዝገቡ ይዘጋልና። ከተዘጋ ደግሞ እንደገና የሚያስከፍቱበት ጉልበትም ዕድሜም አልነበራቸውም።

በዚህ መካከል ነው እኔ የገባሁት።

"የአሁኑን ቀጠሮ በበቅሎ መንገላታት ይቅር" አልኋቸው። "ጠዋት ተነሥተን በመኪና እንሄዳለን።"

"መኪናህ ዳገት ትወጣለች?" አሉኝ።

"እስከዚያ ትሠራለች።"

"እኔ የጠየቅሁህ ስለ ዳገቱ ነው።"

"አለሁልዎ፣ እትዬ።"

በአገራችን "አለሁልህ" ያለ ሰው የሚታጣበት ቀን እንዳለ ማንም ያውቃል። እሳቸው ግን አሳድገውኛልና ዝም አሉ፤ በቅሏቸውንም ለጎረቤት አዋሱ። ያ ዝምታቸው ከሁሉ የበለጠ ይከብደኛል። ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት ሐሳቤን እለውጥ ነበር።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው መኪናዋን ከደምበጫ ወጣ ብላ ባለች ዳገት ላይ ሞከርኋት። መካከሉ ላይ ተኩሳ ቆመች። ቢቸግረኝ ወደ ስልክ ቤት ሄድሁ። ደብረ ማርቆስ ጋሽ ሙሉዓለም የሚባል መካኒክ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ ሙያውን የለመደ፣ እጁ እንጂ አፉ የማይሠራ ሰው ነው። ለስንት ዓመት ወዳጁ እንኳ በአንድ ቃል ነው የሚመልሰው። የደምበጫው ስልከኛ አቶ ላቀው ደግሞ ከስልክ በፊት ዲያቆን ነበሩ። መልእክቴን በቁመታቸው ልክ ጮኸው ላኩልኝ፦ "መኪናዬ ዳገት እምቢ አለች። ውሃ ታፈላለች። ምን ላድርግ።" መስመሩ በረዶ እንደሚወርድበት ቆርቆሮ ይንጫጫ ነበር።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። አቶ ላቀው በሚያምር የቁም ጽሕፈት ጽፈውታል፦ "አስቀድስ። ዳገት ትወጣለች። ሙሉዓለም።" ከሥሩ ደግሞ ከራሳቸው ጨምረው "ነገ ማርያም ናት" ብለውበታል።

ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። የጎጃም ሰው መካኒክም ቢሆን ቅኔ አያጣውምና በመጀመሪያ ሰምና ወርቁን ስፈልግ ቆየሁ። ቅዳሴው ዘይቱ ይሆን? ዲያቆኑ ካንዴላው ይሆን? አንዱን ካንዱ ባጋጥመው አልገጥም አለኝ። በመጨረሻ ሰምም ወርቅም የሌለው ቀጥተኛ ምክር ነው ብዬ ተቀበልሁት። እውነቱን ለመናገር ካስቀደስሁ ቆይቼ ስለነበር ኅሊናዬም አገዘው። እትዬ አንጓች ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "መካኒክህ የተባረከ ሰው ነው" አሉ። "እኔ እኮ በቁልፍ ብቻ የሚሠሩ ይመስለኝ ነበር።"

ቀጠሮው ለአምስት ሰዓት ነው። ገና ሳይነጋ መኪናዋን ከማርያም አጥር ሥር አቁመን ገባን። ለረጅም ጊዜ ቀርቶ የመጣ ሰው ቅዳሴ እንዴት እንደሚረዝምበት የሚያውቅ ያውቀዋል። በመቋሚያው ላይ ሁለት ጊዜ አንቀላፋሁ፤ ከመኪናዋ በፊት እኔ ዳገት ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ገደማ ስንወጣ ቄሱን መኪናዋን ጠበል እንዲረጩልኝ ለመንኋቸው።

"ምን ሆና ነው?" አሉኝ።

"ዳገት እምቢ አለች፣ አባ።"

"የእኔም በቅሎ እንዲሁ ናት" አሉና ፊቷንም ኋላዋንም ረጩልኝ።

ማኖቬላውን አዙሬ አስነሣኋትና ገባሁ፤ እትዬ አንጓች ከጎኔ ተቀመጡ። በእጃቸው የክሱ ወረቀት፣ በትከሻቸው ደግሞ አባታቸው ያወረሷቸው ዳዊት በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ትልቅ የብራና ዳዊት ነው፤ ሁለት ሰው ይዞ የሚማልበት ዓይነት። ማኅደሩ ወገባቸውን ሲጫናቸው ዙሪያቸውን አዩና ባርኔጣዬን አንሥተው ጭኔ ላይ ጣሉልኝ፤ ማንገቻውን በዘንጓ ላይ አጠለቁት። ዘንጓም በዳዊቱ ክብደት እስከ መጨረሻዋ ወረደች።

እንግዲህ አድምጡኝ። ያን ከትናንት ወዲያ እምቢ ያለችኝን ዳገት መኪናዋ ዘላ ወጣችው። አልተኮሰችም፣ አላፈላችም፣ ድምፅዋ እንደ ወጣት ሆነ። ሁለተኛውንም ወጣች። ሦስተኛውንም። በእርሻ ላይ የነበሩ ሰዎች ሞፈር ይዘው ቆመው አዩን። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ያ ጣሊያን ትዝ አለኝ። "ላስቀድስ፣ በየወሩ ላስቀድስ" እያልሁ ለራሴ ተሳልሁ። እትዬ አንጓች "ይኸው" ብቻ አሉ።

ለደብረ ማርቆስ ጥቂት ሲቀረን የመጨረሻው ዳገት መጣ። በአንድ ጎኑ ገደል አለበት። እትዬ አንጓች ወደ ገደሉ አንድ ጊዜ አዩና ፊታቸውን አዞሩ። "ይኼስ ያስፈራል። ዳዊት ልድገም" ብለው ማኅደሩን ከዘንጓ አውርደው፣ ዳዊቱን አውጥተው "ፍካሬ ዘጻድቃን" ብለው ጀመሩ። "ወዘኃጥኣን" ሳይሉ መኪናዋ ድምፅዋ ወፈረ፣ ተኮሰች፣ ቆመች።

ወርጄ ድንጋይ አስደገፍሁ። ማኖቬላውን አዞርሁ፤ ተነሣች። እሳቸውም ደንግጠው ነበርና ዳዊቱን ወደ ማኅደሩ መልሰው ሞተሩ እንደተነሣ ሰቀሉት፤ እንደገና ሽቅብ በረረች። ከላይ የጭነት መኪና ሲመጣ አዩና እንደገና አወረዱት። ቆመች። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ሲሰቀል ትወጣለች፤ ሲደገም ትቆማለች።

የሳይንስ አስተማሪ ነኝ ብያችኋለሁ። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ከተገኘ ለተማሪዎቼ ምን እንደምላቸው አውቃለሁ። ስለዚህ በትሕትና፣ "እትዬ፣ እባክዎ ዳገቱን እስክንወጣ አይድገሙ" አልኋቸው።

እትዬ አንጓች ዳዊቱን ዘግተው ማኅደሩ ውስጥ ከተው በትከሻቸው አነገቱት። ከዚያ በሩን ከፍተው ወረዱ።

"ምን ሆኑ?"

"ልጄ፣ ይህቺ መኪና የምትሄደው በጋኔን ነው።"

"እትዬ፣ የምትሄደው በቤንዚን ነው።"

"ቤንዚን ዳዊት ይፈራል?" አሉኝ። "ዳዊት ሲደገም የሚሸሽ ምን እንደሆነ እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፣ አትነግረኝም። ስደግም ጥሏት ይሄዳል፣ ትቆማለች። ዝም ስል ይመለሳል፣ ትሄዳለች። አንተስ በዓይንህ አላየህም?"

አይቻለሁ። መከራዬ ይኸው ነው። ቅዳሴ ጠቀማት ብዬ ሳምን ዳዊት ጎዳት፤ እሳቸው የሰጡት ማስረጃ እኔ ካለኝ ሁሉ ይሻላል። በጥቁር ሰሌዳ ብሥልላቸው እንኳ ጋን ነው ይሉኛል።

"እትዬ፣ መዝገቡ ይዘጋል" አልሁ። "እርሻው ይሄዳል። አንድ ዳገት ብቻ ነው የቀረን።"

"ይሂድ። በጋኔን ጉልበት ችሎት አልቀርብም" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ሽቅብ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። እግራቸው ሪህ አለበት። አሥር እርምጃ ሄደው ቆሙ፤ አምስት እርምጃ ሄደው ቆሙ። እኔ ከኋላቸው ማኖቬላ ይዤ ቆሜ የአንዲት ሴት የዓመት እንጀራ በእኔ ጉራ መንገድ ላይ ሲቀር አየሁ። በበቅሏቸው ቢሄዱ ኖሮ ይህን ጊዜ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይጨርሱ ነበር። አፈርሁ። ይህን ዛሬም ስጽፈው አፍራለሁ።

በዚህ ጊዜ ከታች የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። የመጡት ባላምባራስ ይትባረክ ናቸው፤ ተከሳሹ። በዋዜማው ተነሥተው ካደሩበት ዘመድ ቤት መምጣታቸው ነው። ረጅም፣ ሽበታም፣ በቅሏቸውም እንደሳቸው አንገቷን የማትደፋ ናት። ዝም ብለው ቢያልፉን ኖሮ በዚያች ቀን ያለ ክርክር ይረቱ ነበር። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እትዬ አንጓችም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ መኪናዋ ብቻ ናት የማታውቀው።

ባላምባራስ በቅሏቸውን ገቱ። አንድ ጊዜ መኪናዋን፣ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እትዬን አዩ። ወረዱ።

"ይውጡ" አሏቸው እትዬን፣ እርካቡን ይዘው።

"እኔ ከእርስዎ ጋር ክርክር አለኝ" አሉ እትዬ አንጓች።

"ክርክሩ ችሎት ነው። ይህ መንገድ ነው።"

"ከዘገየሁ እኮ ለእርስዎ ነው የሚበጀው።"

"የወንድሜ ሚስት በእግሯ እየሄደች እኔ በቅሎ ላይ ተቀምጬ ከተማ ከገባሁ ምን እባላለሁ? ይውጡ፣ ሰዓቱ ሄደ።"

ወጡ። ባላምባራስ ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ቀደሙ። እኔ መኪናዋን በድንጋይ አስደግፌ ከኋላቸው ተከተልሁ፤ ማኖቬላውን ሳልጥለው እጄ ላይ እንደያዝሁ የተረዳሁት ከተማ ስንደርስ ሰው ሲሸሸኝ ነው። እነሱ መንገዱን ሁሉ ያወራሉ። ስለ ሟቹ፣ ስለ ሰርጋቸው፣ አንድ ጊዜ ስለሞተች ላም። ቁርጥራጩ ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ፍርድ ቤት የደረስነው አምስት ሰዓት አልፎ ነው፤ እኔ ነፍሴ ወጥታ ነበር። ዳኛው ግን አልመጡም። ለስብሰባ ተጠርተዋል ተባለና ለወሩ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሽ ሙሉዓለም ሄድሁ። ሳይናገር ተከትሎኝ መኪናዋ ዘንድ መጣ። መጀመሪያ ኮፈኑን የሚከፍት መስሎኝ ነበር። አልከፈተም። ዘንጓ ላይ ተመልሳ የተሰቀለችውን ባርኔጣዬን አየ፣ አወረዳት፣ ራሴ ላይ አጠለቃት። ማኖቬላውን አዙሮ አስነሣት፤ ዘንጓን ወደ ታች ሳባት፤ ሞተሩ ዘፈነ። ለቀቃት፤ ሞተሩ አቃሰተ።

"አስቀድም ነው ያልሁህ" አለኝ።

"አስቀድስ ነው የደረሰኝ።"

"እኔ ራሴ ካስቀደስሁ ስንት ዓመቴ" አለና ተቀመጠ። በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ያን ቀን ነው የተናገረው። "ስማ። ቤንዚኑ እንዲነድድ ካንዴላው እሳት ይጭራል። እሳት ደግሞ እስኪያያዝ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ጥቂት ቀደም ብሎ መጫር አለበት፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ የበለጠ መቅደም አለበት። ሁለት ሰው ጭነት ሲያነሣ 'በል' የሚለው መቼ ነው? ከመነሣቱ በፊት። ሌላው ካነሣ በኋላ 'በል' ብትል ምን ትጠቅመዋለህ? ያንተ እሳት ሁልጊዜ ከረፈደ ነው የሚጫረው። ጉልበቱ በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ሞተሩ ይግላል። ዘንጓ እሳቱን ማስቀደሚያ ናት። ስትሄድ ሳባት። ስታስነሣ ግን ልቀቃት፤ ሞተሩ ቀስ ሲል እሳቱ ከቀደመ ገና የሚወጣውን ፒስተን ወደ ኋላ ይመታዋል። ማኖቬላ የያዘ እጅ ይሰብራል።" ይህን ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ለአንድ ወር ያህል ማንንም ያነጋገረ አይመስለኝም።

በማግሥቱ ለእትዬ አንጓች ሁሉንም አስረዳኋቸው። ጋኔን እንደሌለ፣ ዘንጓን ያወረዳት የዳዊቱ ክብደት እንደሆነ።

"እንግዲያ ዳገቱን ያወጣህ ዳዊቴ ነው" አሉኝ።

"በክብደቱ ነው፣ እትዬ።"

"የዳዊት ክብደት ቀላል መሰለህ?" አሉኝ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ በመኪናዬ እንዲሄዱ ብለምናቸው አልተቀበሉኝም። "ባላምባራስ አብረን እንሂድ ብለውኛል። አንተ ችሎት ጠብቀን" አሉ።

የቀጠሮው ዕለት ከጎህ ጋር ተነሣሁ። ከደምበጫ እንደወጣሁ ዘንጓን ስቤ እንዳትመለስብኝ በሲባጎ ጠፍሬ አሰርኋት፤ ከዚህ በኋላ በሕይወቴ አልዘገይም ብዬ። ዳገቱን ሁሉ እያፏጨሁ ወጣሁ። ደብረ ማርቆስ የደረስሁት የፍርድ ቤቱ ዘበኛ በሩን ሳይከፍት ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደምሁ። በሩ ሥር ተቀምጬ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ሰላም አልሁ።

ሰዓቱ ደረሰ። ዳኛው በዚህ ቀን መጥተዋል። ስም ጠሪው ወጥቶ ጠራ፦ "ከሳሽ ወይዘሮ አንጓች።" ዝም። "ተከሳሽ ባላምባራስ ይትባረክ።" ዝም። ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛ ጠራ። መንገዱን አየሁ፤ የሚመጣ በቅሎ የለም። ብድግ ብዬ "ከሳሿ አክስቴ ናቸው፣ እየመጡ ነው" አልሁ።

"ውክልና አለህ?" አሉኝ ዳኛው።

"የለኝም።"

"እንግዲያ ተቀመጥ" አሉኝ። መዝገቡ ተዘጋ።

እንዴት ከዚያ እንደወጣሁ አላስታውስም። አንድ ነገር ደርሶባቸዋል፣ ወይም ባላምባራስ መንገድ ላይ አታልለው አስቀርተዋቸዋል ብዬ ወደ መኪናዬ ሮጥሁ። ማኖቬላውን ሰካሁ፣ ባለኝ ጉልበት አዞርሁ። ዘንጓ በሲባጎ እንደታሰረች ናት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ሲባጎ ግን መፈታት በነበረበት ሰዓት አልተፈታም። ማኖቬላው ወደ ኋላ ተመልሶ የእጄን አንጓ እንደ በቅሎ ረገጠኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጋሽ ሙሉዓለምን አስታወስሁ። ዘበኛው አዝኖልኝ፣ እንደነገርሁት ሲባጎውን በጥሶ አስነሣልኝ፤ እጄን በነጠላ አስሮ አሳፈረኝ። በአንድ እጅ፣ ማርሽ ስለውጥ ደግሞ በጉልበቴ መሪ እየያዝሁ ቁልቁለቱን ወደ እትዬ መንደር ነዳሁ።

መኪናዋን ከመንገዱ ትቼ ወደ ወንዙ በሩጫ ወረድሁ። እርሻው ላይ ሰዎች ቆመዋል። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ባላምባራስ፣ እትዬ አንጓችም በመካከላቸው። ዳዊቱ የባላምባራስ በቅሎ ኮርቻ ላይ ተሰቅሏል። ባላምባራስ ጎንበስ ብለው ጉድጓድ ይቆፍራሉ።

"መዝገቡ ተዘጋ" አልሁ፣ እያለከለክሁ።

"እሰይ፣ ገላገለን" አሉ እትዬ አንጓች።

ያን ቀን በበቅሎ መንገድ ላይ የጀመሩት ወሬ ወሩን ሙሉ ሳያልቅ ቆይቶ ትናንት ማታ በሽማግሌ አለቀ። ከወይራው ወዲህ ያለው፣ ጤፍ የሚያበቅለው ሁሉ፣ ለእትዬ አንጓች ሆነ፤ ከወይራው ወዲያ ያለው ግጦሽ ለባላምባራስ። የሚቆፈረው የድንበሩ ድንጋይ የሚቆምበት ጉድጓድ ነው። እርሻው ተረፈ። ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አልሁ። ደስ አለኝ፣ ተናደድሁም፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

"ለእኔስ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ?"

"ጎህ ሲቀድ ሰው ልከንብህ ነበር" አሉ ባላምባራስ፣ መቆፈሩን ሳያቆሙ። "ሄዷል አሉት።"

እትዬ አንጓች የታሰረውን እጄን አዩ። "ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?"

"እሳቱ ቀደመ፣ እትዬ።"

"አይ አንተ ልጅ" አሉ። ነጠላውን ፈትተው አንጓዬን ዳበሱ፤ እንዳልተሰበረ አረጋግጠው አጥብቀው መልሰው አሰሩት። "ባለፈው ዘገየህ፣ ዛሬ ደግሞ ቀደምህ። በልኩ የምትደርስበትን ቀን እግዜር ያሳየኝ። በል ተነሥ፣ ባላምባራስ አፈር እስኪመልሱ ድረስ ይህን ድንጋይ በደህናው እጅህ ደግፍ።"

ተነሥቼ ደገፍሁት። ድንጋይ ማስደገፍ እንኳ ልምዴ ነው።